ከኮልፌ ቀራንዮ እስከ ደብረ ጽዮን ደሴት

ማኅበር በጽዋውና በመሶቡ ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፈው ማኅበርተኛው ተቀራርቦ ሲኖር ነውና፣ ሰዎቹ በየአቅጣጫው ከተበተኑ በኋላ ምን ሊያያይዛቸው ይችላል? ይህ ጥያቄ በዘመናችን የብዙ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ጥያቄ ሆኗል። የእኛም ማኅበር ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም።

በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጥቢያ ወር በገባ በ27 ቀን የምንሰበሰብበት የጽዋ ማኅበር ከአባቶቻችን የተረከብነው ነው። ቀድሞ ማኅበርተኛው ሁሉ በኮልፌ በአንድ ሰፈር ይኖር ስለ ነበረ፣ ተረኛው ቤት ጠላ ሲጠመቅ ጎረቤቱ ሁሉ እንስራ ተሸክሞ ይረዳ ነበር። ዛሬ ግን ከ27ቱ አባላት 15ቱ፣ ግማሾቹ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ደርሷቸው፣ ግማሾቹም ሰፈራቸው ለልማት ፈርሶ፣ አንዱ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ወደ የካ አባዶ፣ ሌላውም ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደዋል። ከከተማው ምሥራቃዊ ጫፍ ተነሥቶ በሦስት ታክሲ ወደ ምዕራቡ መምጣትና መሽቶ መመለስ፣ ለሽማግሌ ይቅርና ለጎልማሳም አድካሚ ነው።

ስለዚህ በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. በተሰበሰብንበት ዕለት ከወንድሞቻችን አንዱ ተነሥቶ፣ በሣጥን ያለው ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ ማኅበሩ በሰላም ይፈታ ሲል ሐሳብ አቀረበ። በክፋት የተናገረው አልነበረም። እናቱን ሲያስታምም በዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ የቀረ ሰው ስለ ነበረ፣ በረከቱ ቀርቶ ዕዳው ብቻ እንደ ተረፈው በግልጽ ነገረን። ብዙዎች ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም መስማማት ይመስል ነበር። የማኅበራችን ሙሴ ግን ክርክሩን አላስቀጠሉም። የጥር 27ቱን ማኅበር በቤት ሳይሆን በጉዞ እናድርገው፣ ከዚያ በኋላ እንወስናለን አሉ። መድረሻውም በዝዋይ ሐይቅ መካከል ያለችው ደብረ ጽዮን፣ ቱሉ ጉዶም የምትባለው ደሴት እንድትሆን ተስማማን።

ጥር 26 ቀን ሊነጋጋ ሲል ሕፃናትን ጨምሮ 31 ነፍስ ሆነን፣ በሁለት ሚኒባስና ዕቃ በጫነች አንዲት ፒክአፕ ከቀራንዮ ተነሣን። አቃቂን፣ ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፈን ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ምድሩ ዝቅ፣ አየሩም ሞቅ እያለ ሄደ። የአዋሽ ወንዝ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተገድቦ የተፈጠረውን የቆቃን ሐይቅ አየን፤ ዓለም ጤናንና መቂን አልፈን ዛሬ ባቱ ወደምትባለው የዝዋይ ከተማ ደረስን። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ ብዙ ካህናትንና ወጣቶችን ያስተማሩበት ገዳም በዚሁ ስለሚገኝ፣ ስሟ ለምእመናን እንግዳ አይደለም።

ሌሊቱን ግን በዝዋይ ዳር አላደርንም። የዝዋይ ዳርቻ ቄጠማና ረግረግ ይበዛበታል፤ ብልሃርዝያም ስላለበት ሕፃናት ሊንቦጫረቁበት አይገባም። ስለዚህ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘልቀን በላንጋኖ አሸዋ ላይ ድንኳን ልንተክል ወረድን። የላንጋኖ ውኃ ደቃቅ አፈር ስለሚንሳፈፍበት ቡናማ ነው፤ ለዓይን የቆሸሸ ቢመስልም የአዲስ አበባ ቤተ ሰቦች ከጥንት ጀምሮ ልጆቻቸውን የሚያስዋኙበት ሐይቅ ነው።

ከሐይቁ ዳር ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ሁለተኛይቱ ሚኒባስ በአሸዋ ተዋጠች። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጣት መጠን ጎማዋ ይበልጥ ጉድጓድ ቆፈረ። ከመካከላችን የመኪና ጥገና የሚያውቅ ወንድም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ የጎማውም ነፋስ ይቀነስ አለ። ነፋሱ የቀነሰ ጎማ ተንጠፍጥፎ ሰፊ መሬት ስለሚይዝ በአሸዋ ላይ ይራመዳል፤ የተወጠረ ጎማ ግን እንደ ቢላዋ ይሰምጣል። አሸዋው በእጅ ከተዛቀ በኋላ ከጎማው ሥር የሚነጠፍ ነገር ተፈለገ። በአቅራቢያው የነበረው የግራር ቅርንጫፍ እሾሁ ጎማ ይበሳል። ይህን ጊዜ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት እናት ሌሊት ሊተኙበት ያመጡትን ሰሌን ከጭነቱ አስወርደው፣ እኔ እንደሆንኩ እንቅልፍ ከተለየኝ ቆይቷል ብለው ሰጡ። ሌላውም ጆንያውን አወጣ። ማኅበሩ ይፈታ ያለው ወንድማችን ከኋላ ሲገፋ አሸዋ እስከ ዐይኑ ቅንድብ አልብሶት ነበር። መኪናይቱ ስትወጣ ሰሌኑ ለሁለት ተቀደደ። በዚያች ሌሊት እኒያ እናት በስድስት ሰው ጋቢ ላይ ተኙ።

ማታ፣ ይዘነው በመጣነው ከሰል ሽሮአችንን አሙቀን ከበላን በኋላ ልጆቹ ተሰብስበው ስለ ሐይቁ ጠየቁኝ። መምህር በዕረፍቱም ከመምህርነት አያርፍምና የማውቀውን ነገርኋቸው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ ዝናም ከዛሬው እጅግ በሚበዛበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ የሞላውም ውኃ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ዝናሙ እየቀነሰ ሲሄድ ውኃው ጎደለና በአራት ተከፈለ። ድንኳናችንን የተከልንበትም ምድር የዚያ የጥንቱ ሐይቅ ወለል ነው። ሆኖም ሐይቆቹ ዛሬም ፈጽመው አልተለያዩም፤ የዝዋይ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ፣ የላንጋኖም በሆራ ከሎ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳሉ። ከላይ ለመስኖ ውኃ ሲቀዳ አብያታ ይሸሻል። አንዲት ልጅ፣ ታዲያ ወንዙ ቢደርቅስ? ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ነው የሚለያዩት አልኋት።

በማግሥቱ በጠዋት ወደ ባቱ ተመለስን። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣልና ጀልባ የሚሳፈር ሰው ማለዳን መምረጥ ይገባዋል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ጥቂት ነው፤ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ትንሽ ነፋስ ብዙ ሞገድ ያስነሣበታል። በወደቡ አባ ኮዳዎች ከዓሣ አጥማጆች እግር ሥር ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቁ ነበር። እኛም በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘን፣ ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቋ በሆነችው በደብረ ጽዮን ወረድን።

በትውፊት እንደሚነገረው፣ ከሺህ ዓመት በፊት ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት ተሰደዱ፤ መከራውም ሲያልፍ ወደ አክሱም መለሱት። በደሴቶቹ የሚኖሩት ዛዮች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ቋንቋቸውም ለስልጤና ለሐረሪ የቀረበ ነው። በዙሪያቸው ሌላ ቋንቋና ሌላ ሥርዓት ሲሰፍን፣ በውኃ ተከበው ሃይማኖታቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን እስከ ዛሬ ጠብቀዋል። ወደ ኮረብታው ወጥተን በጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ካደረስን በኋላ፣ ጸበል ጻዲቃችንን ከደሴቱ ካህናት ጋር ተካፈልን።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ አባት ስለ ኑሯቸው ሲያወጉን፣ መሬቱ ስለ ጠበበ ብዙው ዛይ ደሴቱን ለቆ በሐይቁ ዳርና በከተሞቹ እንደሚኖር፣ የእርሳቸውም ልጆች በባቱ መሆናቸውን ነገሩን። ያ ወንድማችን፣ ሰው ከሄደ ደሴቱ አይጠፋም ወይ? ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ በየዓመቱ በዓል ሲሆን ጀልባ ሞልተው እንደሚመጡ፣ ሕፃኖቻቸውንም በዚሁ እንደሚያስባርኩ ከገለጡ በኋላ፣ ደሴትን የሚያቆየው የሚኖርበት ሰው ብቻ ሳይሆን የሚመለስበትም ጭምር ነው ብለው ደመደሙ። ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በመልስ ጉዞ ስለዚህ ነገር አንድም ሰው አልተከራከረም።

በየካቲት 27 ተሰብስበን ወሰንን። በኮልፌ የቀረነው ወር በወር እንድንጠጣ፤ ሩቅ ያሉት ግን ስለ መቅረታቸው መቀጫ እንዳይከፍሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምት 27ና በመጋቢት 27፣ ሁሉም ከነልጆቹ ወደ ቀራንዮ እንዲመጣ ተስማማን። ሁለት አባላት ይህም አይሆንልንም ብለው በመልካም ተሰናበቱን፤ መሄዳቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነናል። ማኅበሩ ይፈታ ያለው ወንድም ግን ስሙ ከመዝገቡ እንዳይሰረዝ ለመነ። ለእኒያ እናትም ከሣጥኑ አዲስ ሰሌን ተገዛላቸው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ልጆቻችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ ርቀው ቢሄዱ፣ መራራቁን ብቻ እያነሣችሁ አትዘኑ። ሰው የሚኖርበትን ሰፈር ሁልጊዜ ራሱ አይመርጥም፤ የሚመለስበትን ቀን ግን ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ቁረጡ፤ ለሩቁም ሰው የሚችለውን እንጂ የማይችለውን አትጫኑበት። ቢቻላችሁም በዓመት አንድ ጊዜ አብራችሁ ተጓዙ። በየቤታችን ሆነን ስንቆጥረው የኖርነው የማን ቀረ የማን መጣ ነበር፤ በአሸዋው ላይ ግን ማን ምን እንዳለውና ለማን እንደሚሰጠው አየን።