የማን ወረቀት ነው?

ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ፣ ጆንያ እንዳይምታታ ባለቤቱ ምልክት ያደርግበታል። እኛ የፎገራ የቢሮ ሠራተኞች ግን ለስድስት አንድ ፕሪንተር እየተጠቀምን ለወረቀታችን ምልክት የለንም። የአንዱ የደመወዝ ጥያቄ ከሌላው ቃለ ጉባኤ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ባለፈው የአንዲት ባልደረባችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለእሷ ሳይደርስ ቢሮው ሁሉ አነበበው!

መፍትሔው ቅርብ ነው። ዊንዶውስ ላይ የፕሪንተሩን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ፣ አድቫንስድ ከሚለው ሥር ሴፓሬተር ፔጅን ትጫናላችሁ። ለፕሪንተሩ የሚስማማውን ፋይል ስትመርጡ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት የላኪውን ስም የያዘ መለያ ገጽ ይወጣል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ገጹ የሚጽፈው ኮምፒውተሩ የተከፈተበትን ስም ነው። ሁላችንም «አድሚን» ብለን ከገባን ጆንያው ሁሉ የአቶ አድሚን ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ መጀመሪያ ለየሰዉ የራሱ መግቢያ ስም ይውጣለት።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው። ለአንድ ገጽ ደብዳቤ አንድ ገጽ መለያ ሲታከል ወረቀቱ በእጥፍ ያልቃል። እሱም መላ አለው፤ ያንኑ ፕሪንተር በሁለት ስም መጫን፣ አንዱን ከነመለያው፣ ሌላውን ያለመለያ። የመለያው ጀርባም ለረቂቅ ይሆናል።

መቼም መለያ ገጽ ቁልፍ አይደለም። ምስጢር ያዘዘ ሰው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ። ለቀረነው ግን፣ ከላይ የሰው ስም ያየ ዓይን ገልጦ ለማንበብ ትንሽ ያፍራል። ለጊዜው ይህቺው እፍረት ትበቃናለች።