ስለ ሕክምና ዐቃብያነ መጻሕፍት፣ ከአሶሳ

ወባ በጸናበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር፣ ከባምባሲ ወይም ከኩርሙክ በኩል ራሱን ስቶ በመጣ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የቆመ ወጣት ሐኪም፣ ያጠናበት መጽሐፍ በየትኛው ዓመት እንደ ታተመ ሳያስተውል ቢቀር የሚከተለውን ጥፋት ሳስብ፣ ስለ ሕክምና ዐቃብያነ መጻሕፍት ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በጽኑ ወባ ለተያዘ ሰው የሚሰጠው ኩዊኒን ነው ብሎ የሚያስተምር፣ ጥራዙ ያልላላ መጽሐፍ ዛሬም ከመደርደሪያ አይጠፋም፤ ይሁን እንጂ አርቴሱኔት የተባለው መድኃኒት ከኩዊኒን ይልቅ ብዙ ነፍስ እንደሚያድን በእስያ፣ ቀጥሎም በአፍሪካ ሕፃናት ላይ የተደረጉት ምርምሮች እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2010 በላንሴት መጽሔት ታትመው ስላስረዱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ለውጦታል። እንግዲህ መጽሐፉን ከአቧራና ከምስጥ የጠበቀ ሰው ሥራውን ፈጸመ የሚባልበት ዘመን አልፏል፤ ያረጀውን ከጸናው መለየት የእርሱ ፈንታ ሆኗልና።

እ.ኤ.አ. በ1879 ጆን ሾ ቢሊንግስ የጀመረውና እስከ 2004 በወረቀት ይታተም የነበረው ኢንዴክስ ሜዲከስ፣ ፈላጊውን ገጽ በገጽ እያስገለጠ የሚያደክም የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ነበር፤ ዛሬ ፐብሜድ በተባለው የኢንተርኔት ማውጫ ስለ ወባ የጠየቀ ተማሪ ግን በቅጽበት ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ጽሑፍ ይጎርፍበታል። በዚህ ጊዜ ትጉህ ዐቃቤ መጻሕፍት አጠገቡ ተቀምጦ፣ «ሕመምተኛው ሕፃን ነው ወይስ አዋቂ? ነፍሰ ጡር ናት? መድኃኒቱን ከየትኛው ጋር ልታነጻጽር ነው?» እያለ አስቀድሞ ጥያቄውን ያጠራለታል፤ ከዚያም ጽሑፉን በዓመትና በምርምሩ ዓይነት እያበጠረ ሊነበብ ወደሚችል ጥቂት ያወርድለታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚወጣውን የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትም እንዳይዘነጋ ያሳስበዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ ከቶ ያልተጻፈ ጽሑፍን እንደ ማስረጃ በሚጠቅስበት በአሁኑ ሰዓት፣ ይህ ምርመራ የቅንጦት ሥራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው ሂናሪ የተባለው የዓለም ጤና ድርጅትና የአሳታሚዎች መርሐ ግብር፣ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ብዙ ሺህ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ያስነብባል። ነገር ግን የይለፍ ቃሉ በአንድ ሠራተኛ ደብተር ተጽፎ ሠራተኛው ሲዛወር አብሮ ከሄደ፣ ያ ሁሉ ሀብት ለማንም አይተርፍም። ኔትወርክ በተገኘበት ሰዓት መመሪያዎቹን አውርዶ፣ በፍላሽ ገልብጦ ለወረዳ ጤና ጣቢያ የሚልክ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያውቀው ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ ነርስ ነው።

ስለዚህ በክልላችን ሆስፒታሎችና የጤና ኮሌጆች ያላችሁ ኃላፊዎች፣ ዐቃቤ መጻሕፍቱን ከመዝገብና ከቁልፍ ጠባቂነት አውጥታችሁ በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ወንበር ስጡት፤ መልስ ያጣውን ጥያቄ ጽፎ ይውሰድ፣ በማግስቱም የተመረመረ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ።