ብርድ የጠጣው ቤንዚን

መካነ ሰላም ላይ ቤንዚን በሃይላንድ የገዛ ሰው መልሱን ያውቀዋል። «አንድ ሊትር» የተባለው ላስቲክ ከትከሻው ሦስት ጣት ጎድሎ ይሰጣል። ምነው ሲባል፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ ከቆላ ነው የመጣው፤ ብርድ ሲመታው ይሰበሰባል!» እኔም ይህንኑ ተብዬ ሂሳቤን ከፍዬ ሄድኩ፤ ቂሙ ግን እስካሁን አለ። የሚያናድደው ደግሞ የሸጠልኝ ልጅ ጨርሶ አለመዋሸቱ ነው።

ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል። ቤንዚን በዚህ በኩል ከውሃም ከናፍጣም የባሰ ቀበጥ ነው፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ መጠኑ ከሺህ አንድ እጅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ይለወጣል። እንግዲህ አባይ በረሃ ውስጥ በ35 ዲግሪ የተሞላ አንድ ሊትር፣ ደጋ ወጥቶ 15 ዲግሪ ላይ ሲረጋ 19 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም። በሃይላንዱ ወገብ ላይ ከለካነው 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የቀረውን ብርድ አልጠጣውም።

ልጁ ማስረጃም ነበረው። «ባዶ ሃይላንድ ከድነው አባይ ሲወርዱ ተጨማዶ አላዩም?» አይቻለሁ፤ አባይን ተሻግሮ ወደ ጉንደወይን የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ አይቶታል። ግን እኮ አባይ ሙቀት ነው! ብርድ የሚሰበስብ ከሆነ ቆላ ሲወረድ ላስቲኩ መነፋት ነበረበት። አየር በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ከመቶ 7 ያህል ይሰፋል፤ ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1802 ያሳተመው ጌይ ሉሳክ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራበት ግን ቀድሞት ደርሶበት ሳያሳትም የተወው ሻርል ነው። ላስቲኩን የሚጨመድደው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት በአንድ ስምንተኛ ገደማ ይጨምራል። ሙቀት ከውስጥ እየገፋ ይሟገታል፣ ግፊት ከውጭ ያሸንፋል። ስለዚህ የልጁ ምስክር የመሰከረው በራሱ በልጁ ላይ ነው።

ይህን ሳጣራ ነው ሊትር ራሱ በአንድ ወቅት የሙቀት ጥገኛ እንደነበር ያገኘሁት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1795 ሊትርን ሲደነግጉ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ጎኑ ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን የሚይዘው ነው አሉ። ኪሎ ደግሞ ያን ሳጥን የሚሞላ ውሃ ክብደት እንዲሆን ታስቦ በፕላቲኒየም ተሠራ። ፕላቲኒየሙ ግን ከታሰበው በጣም ጥቂት ከብዶ ተገኘ። በ1901 የክብደትና የልኬት ጠቅላላ ጉባኤ ሳጥኑን ትቶ፣ ሊትር ማለት አንድ ኪሎ ንጹሕ ውሃ እጅግ በሚጠብቅበት ሙቀት፣ ማለትም 4 ዲግሪ አካባቢ፣ የሚይዘው ቦታ ነው ብሎ ወሰነ። በዚህ የተነሳ አዲሱ ሊትር ከሳጥኑ በ28 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር በለጠ። ግማሽ የውሃ ጠብታ ነው! በ1964 ጉባኤው ውሳኔውን ሽሮ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ለእኔ ግን የ1901ዱ ይበልጥ ሐቀኛ ነው፤ ፈሳሽ ሲለካ ሙቀቱም አብሮ መነገር እንዳለበት በግልጽ ያምን ነበር።

ይህን የነዳጅ ነጋዴዎች በደንብ ያውቁታል። በዓለም ገበያ ነዳጅ በብዛት ሲሸጥ መጠኑ የሚታሰበው በ15 ዲግሪ ላይ ወዳለው ተመልሶ ነው፤ የአሜሪካኖቹ 60 ፋራናይትም ያው እዚያው ነው። ማደያ ላይ «ማለዳ ቅዱ፣ ሳይሞቅ ይበዛላችኋል» የሚሉን እንኳ እምብዛም አይጠቅሙንም፤ ጋኑ መሬት ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ የቀኑ ፀሐይ ቶሎ አይደርስበትም። ወደ ልጁ ስንመለስ ግን 15 ዲግሪ የመካነ ሰላም ደጋ የዘወትር አየር ነው ቢባል ብዙ አያጣላም። ዓለም በተስማማበት ሙቀት ላይ ቆሞ ብርድን ማመካኘት ድፍረት ነው።

እናም መካነ ሰላም ያላችሁ ባለ ሞተሮችና ባለ ባጃጆች፣ ብርድ ነው ከተባላችሁ 4 ሚሊ ሜትሯን ተዉለት፤ ሌላውን አስሞሉ።