አንቺ ፒያሳ

አንቺ ፒያሳ፣ 2016ን በምን ልርሳው? የካቲት 3 ቀን የዓድዋ ድል መታሰቢያ በደጅሽ ተመረቀ፤ እኔም እልል ካሉት አንዱ ነበርኩ። መጋቢት ሲገባ ደግሞ ዶዘሩ መጣ። ዶሮ ማነቂያ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታው፣ ሜዳ ሆነ።

«ያንንም ቤት ብለህ ነው ወይ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ጭቃው ረግፎ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋና ባልዲ ከየጣሪያው ሥር ይደረደር ነበር። ግን በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ማን ነካው? ተከራዩ የኔ አይደለም አለ፤ ቀበሌው በጀት የለኝም አለ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳናድሰው ኖረን፣ አርጅቷል ብለን ፈረድንበት።

እኔን የሚናፍቀኝ በረንዳሽ ነው። ወይ በረንዳ! አርመኑ፣ ሕንዱና ያገሬ አናጢ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት፣ እንጨቱ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ። ዝናብ ድንገት ሲወርድ ባለሱቁም፣ ተማሪውም፣ ሎተሪ አዟሪውም አንድ ጣሪያ ሥር ይቆሙ ነበር፤ ማንም ማንንም የማን ልጅ ነህ አይልም ነበር። አሁን ከመስታወቱ ሕንጻ ሥር ልጠለል ብል ጥበቃው «ወዴት ነው?» ይለኛል። (የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል፤ አልዋሽም።) ግን ዕድርተኛው ከከተማው ጠርዝ፣ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ኮንዶሚኒየም ተበትኖ፣ ድንኳኑ ከማን ጋር ሄደ? ለቅሶ ሲሆን ማን ለማን ይደርሳል?

በጥር 2007 ከእሳት የተረፈው ጣይቱ ሆቴል አለ፤ እሱን አይቼ እጽናናለሁ። ጎረቤት አልባ ሽማግሌ ሆኗል እንጂ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንቺ ስትፈርሺ፣ እዚያ ታች አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በስስት ይታደስ ነበር። የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ሳይቀር ባለሙያ እየዳሰሰ ጠገነው። ለካ ማደስ ይቻላል! ጉባኤ የሚቀመጥበት አዳራሽ ሲሆን ይቻላል፤ ሎተሪ አዟሪ የሚጠለልበት በረንዳ ሲሆን ግን ሒሳቡ አልወጣ አለ።

አዳራሹ በጥቅምት 2017 ተከፈተ። በዚያው ሰሞን፣ ከአዳራሹ ብዙም ሳይርቅ፣ የካዛንቺስ ሰው ዕቃውን በአይሱዙ ይጭን ነበር።