ስለ ስግድ በዓልና ስለ እውነተኛ ንስሐ

ልጆች ሆይ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጾመ ነነዌን የማያውቅ ልጅ የለም። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ ሦስት ቀን ይጾማል። የነነዌ ሰዎች የነቢዩን የዮናስን ተግሣጽ ሰምተው፣ ከንጉሡ ጀምሮ እስከ ታናሹ ድረስ ማቅ ለብሰው እንደ ተጸጸቱ፣ እግዚአብሔርም እንደ ማራቸው የሚያሳስብ ጾም ነው። ይህንኑ መጽሐፈ ዮናስን በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ አይሁድ በታላቁ የማስተስረያ ቀናቸው ያነቡታል። እንግዲህ በሃይማኖት የሚለያዩ ሰዎች ንስሐን ከአንድ መጽሐፍ ይማራሉ ማለት ነው።

በጎንደር አገር ደግሞ የኦሪትን ሕግ የሚጠብቁ፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። በደምቢያ፣ በወገራ፣ በስሜንና በሌላም ስፍራ መንደሮች ነበሯቸው። ቅዱስ መጽሐፋቸው ኦሪት በግዕዝ የተጻፈ ነበረ፤ ካህናቶቻቸውም ቄስ ይባሉ ነበር። በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን አስተስርዮ የሚባለውን ጾም ይጾሙ ነበር። ከዚያም በኋላ በኀምሳኛው ቀን ስግድ የተባለውን በዓል ያከብሩ ነበር። ስሙም የመጣው ሰገደ ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው።

የበዓሉ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። አስቀድመው ገላቸውንና ልብሳቸውን ያጥባሉ። በማለዳም ነጭ ልብስ ለብሰው፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ወደ ተራራ ይወጣሉ። በጎንደር ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው አምቦበር በዚህ በዓል የታወቀች ነበረች። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ይወጣሉ፤ ሽማግሌውም ሴቱም ሕፃኑም አብሮ ይወጣል። ከሕዝቡም መካከል በራሱ ወይም በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ ነበረ። ይህም ራስን ዝቅ የማድረግና ስለ ኃጢአት የማዘን ምልክት ነው። በተራራውም ላይ ሕጉ በሲና እንዴት እንደ ተሰጠ፣ ዕዝራና ነህምያም ከምርኮ የተመለሰውን ሕዝብ እንዴት ወደ ሕጉ እንደ መለሱት ይነበባል። በግዕዝ የተነበበው ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋ ይተረጐማል። ከቀትር በኋላ እየዘመሩ ይወርዳሉ፤ ጾማቸውንም ፈትተው በአንድነት ይበላሉ።

ልጆች ሆይ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ጕልበትን ይጠይቃል። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ሸክም አለ። የአይሁድ መምህራን ከጥንት ጀምሮ ስለ ማስተስረያ ቀን ሲያስተምሩ፣ ሰው በአምላኩ ላይ የሠራው በደል በጾሙና በንስሐው ይሰረይለታል፤ በባልንጀራው ላይ የሠራው በደል ግን ባልንጀራውን ሳይክስና ይቅርታ ሳይለምን አይሰረይለትም ይላሉ።

ይህንንም በምሳሌ እንመልከተው። አንድ እረኛ በጨዋታ ተዘናግቶ ከብቶቹ የአንዲት ባልቴት ገብስ ገብተው በሉ እንበል። ያየው ሰው የለም። ልጁም ፈርቶ ዝም አለ። የነነዌ ጾም በደረሰ ጊዜ ጾመ፤ ሰገደ፤ አለቀሰም። ይሁን እንጂ የባልቴቲቱ ጎተራ እንደ ጎደለ ነው። ስግደቱ መልካም ሳለ ገብሱን አይመልስላትም። ወደ ደጇ ሄዶ፣ «እናቴ ሆይ፤ ገብስዎን ያስበላሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ይገባዋል። ከዚያም በመጪው መከር አጨዳ ሊያግዛት፣ አውድማዋን ሊጠብቅላት ይገባል። ከባዱ ሸክም ይህ ነው፤ ከዚህም በኋላ የልጁ ልብ ይቀላል፤ የባልቴቲቱም ልብ ያርፋል።

አሁን ደግሞ ከአንድ እረኛ በደል የሚበልጥ በደል አለ። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ርስት ተከልክለው ስለ ነበር በእጅ ሥራ ይኖሩ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማም ይሸምኑ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው የሚያርሱበትን ማረሻ፣ እንጀራ የሚጋግሩበትን ምጣድ፣ ውሃ የሚቀዱበትን እንስራ ከእነርሱ ይገዙ ነበር። ነገር ግን በዚያው ማረሻ የሚያርሰውና በዚያው እንስራ የሚጠጣው ሰው ሠሪዎቹን ቡዳ እያለ ይሰድባቸው ነበር። ሰው በታመመ ጊዜም ያለ ምስክር በእነርሱ ያመካኙ ነበር። ልጆችም ይህን ከትልልቆች ሰምተው የእነርሱን ልጆች ይሸሹ ነበር። የተሸሸው ሕፃን ምን በደለ?

ዛሬ አብዛኞቹ በጎንደር አይገኙም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ እስራኤል አገር ተሻገሩ፤ በመንገድም ብዙዎች ሞቱ። በ1983 ዓ.ም. በግንቦት ወር ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ስግድንም በኢየሩሳሌም ያከብሩታል፤ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ የታወቀ በዓል አደረገው።

እንግዲህ የተሰደበው ጎረቤት ርቆ ሄዷል፤ ደጁ ሄዶ ይቅርታ የሚለምነው ሰው መንገዱ ረዝሞበታል። ሆኖም ለንስሐ ጊዜው አላለፈም። በየአገሩ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ሸማ የሚሸምን ሰው ዛሬም አለ፤ ስለ ሥራውም የሚሰደብ አለ። እናንት ልጆች፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ብቻውን ቆሞ ብታዩት ወደ ጨዋታችሁ ጥሩት። ክፉ ስም ሲሰጡት ብትሰሙ ያን ስም አትድገሙት፤ አስቀድማችሁ ብላችሁት እንደ ሆነም ሄዳችሁ ይቅርታ ለምኑት። አባቶች የበደሉትን ልጆች በዚህ መንገድ ማቅናት ይችላሉ።