ተክልና መጻተኛ

አዳም በገነት የተቀመጠው ሊበላና ሊደሰት ብቻ ሳይሆን ሊያበጃትና ሊጠብቃት ጭምር መሆኑን በብሉይ ትርጓሜ ጉባኤ ሁላችንም ተምረናል። ማበጀትና መጠበቅ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ማበጀት በአንድ ቀን ሊፈጸም ይችላል፤ መጠበቅ ግን የዕለት ዕለት ነው። እኔ ይህን ልዩነት በልቤ የተቀበልኩት፥ አፍሬ እናገራለሁ፥ በጉባኤ ቤት ሳይሆን በባዕድ አገር፥ በአንዲት የወሎ እናት ሰገነት ላይ ነው። ዘንድሮ ከጉባኤ ቤታችን ጀርባ የሆነውን ባየሁ ጊዜ ነገሩ ትዝ ስላለኝ፥ ለወንድሞቼና ገዳማችንን ለሚሳለሙ ምእመናን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ወደዚህ ገዳም ከመምጣቴ በፊት ስድስት ዓመት ያህል በጅዳ ከተማ የሕንጻ ዘበኛ ሆኜ ኖሬአለሁ። የኖርኩበት ሰፈር ሂንዳዊያ ይባል ነበር። በዚሁ ስም የሚጠራ ሰፈር በመካም አለ፤ ነገር ግን ወደ መካ መግባት ለክርስቲያን የተከለከለ ስለ ሆነ እርሱን አላየሁትም። የጅዳው ሂንዳዊያ በለድ ከሚባለው ከአሮጌው ከተማ በስተ ደቡብ የነበረ ሲሆን፥ ሐበሻው፥ የመናዊው፥ ሱዳናዊውና ሌላውም ሠርቶ አዳሪ ተጠጋግቶ የሚኖርበት፥ መንገዱ ጠባብ፥ ቤቱ ዝቅተኛ ሰፈር ነበር።

በዚያ አገር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። በጅዳ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 60 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ አዲስ አበባ ግን ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ታገኛለች። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ጨዋማው የባሕር ውሃ በፋብሪካ እየተጣራ ነው፤ ወደ እኛ ቤት ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም በቦቴ መኪና እየተገዛ ነበር። በበለድ ውስጥ ከ1872 እስከ 1881 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠራ ናሲፍ የሚባል ትልቅ ቤት አለ። በደጃፉ የቆመው የኒም ዛፍ ለረጅም ዘመን በከተማይቱ ብቸኛው ዛፍ ስለ ነበረ፥ ሰዎች ቤቱን «ባለ ዛፉ ቤት» እያሉ ይጠሩት እንደ ነበር ይነገራል። ወንድሞቼ ሆይ፥ አንድ ዛፍ የአንድ ከተማ ምልክት ሊሆን ከቻለ፥ በዚያ ምድር አንዲት ቅጠል ማቆየት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ አስተውሉ።

እኔ ይህን ሳላስተውል፥ እናቴ በመሐረብ ቋጥራ የሰጠችኝን የጤና አዳም ዘር በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ዘራሁት። በክረምቱ ወራት፥ ማለትም በዚያ አገር ብርድ ሳይሆን ለስላሳ አየር በሚሆንበት ጊዜ፥ መልካም ሆኖ በቀለ። ቅጠሉን በጣቴ አሽቼ ባሸተትኩ ቁጥር የእናቴ የቡና ረከቦት በፊቴ ይቆም ነበር። የአደባባይ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር በስውር የሚጸልይ ሰው እንዲህ ያለችው ሽታ ምን ያህል እንደምታጽናናው የቀመሰ ያውቀዋል። ከዚህም የተነሣ ጥዋትና ማታ ሳላቋርጥ አጠጣው ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ የጠማው መስሎኝ ውሃውን ጨመርኩለት። ሰኔ ሳይጋመስ ሞተ።

ከጎረቤት ሰገነት ላይ የሚያዩኝ፥ ከብዙ ዓመት በፊት ለሐጅ ከወሎ መጥተው በዚያው የቀሩ አንዲት አረጋዊት ነበሩ። እኛ ወጣቶቹ ሁሉ እማማ እንላቸው ነበር። በዚያን ቀን ጠርተው፥ «ልጄ፥ እስቲ ቆርቆሮህን አምጣልኝ» አሉኝ። ይዤላቸው ብሄድ ገልብጠው ተክሉን አወጡት። ሥሩ ጠቁሮ፥ በስብሶ፥ ይሸት ነበር። ከቆርቆሮው በታች ቀዳዳ አልነበረም፤ በከንፈሩ ዙሪያም እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል።

«ይህ ምንድን ነው እማማ?» አልኳቸው።

«ጨው ነዋ! ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን የት ይሄዳል? አንተ ውሃ ያጠጣህ መስሎህ በየቀኑ ጨው ታበላው ነበር። መውጫም አላበጀህለት።» ቀጥለውም፥ «ለመሆኑ ይህ ተክል አገሩ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ደጋ ነው» ብላቸው፥ ራሳቸውን ነቅንቀው፥ «እንግዲያውስ ለራስህ ናፍቆት ብለህ ነው ያመጣኸው እንጂ ለእርሱ አላሰብክለትም» አሉ።

ይህ ቃል አሳዘነኝ፤ እውነት ስለ ሆነ ግን መልስ አላገኘሁለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ወደ ሰገነታቸው እየወጣሁ ረዳት ሆንኳቸው። የተማርኩትም እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ፥ ቆርቆሮው ሁሉ በስተ ታች በሚስማር ይበሳ ነበር። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በማፍሰስ ፈንታ፥ አፈሩ በጣት ሲዳሰስ ሁለት አንጓ ያህል ደርቆ ሲገኝ ብቻ፥ ውሃው በታች እስኪወጣ ድረስ በደንብ ያጠጣሉ፤ የሚወጣው ውሃ ጨውን አጥቦ ይሄዳልና። የሚያጠጡትም ከንጋት ጸሎታቸው በኋላ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንጂ በቀትር አይደለም። ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል ሥር ስለሚቀቅል፥ ትንሹን ቆርቆሮ በትልቁ ውስጥ አግብተው በመካከሉ አሸዋ ይሞሉበታል፤ በላዩም ሰሌን ይጋርዱለታል። ውሃውን ደግሞ አይገዙትም ነበር። ለጸሎት ሲታጠቡ የሚፈሰውን፥ ሳሙና የሌለበት ስለ ሆነ፥ በሳፋ ያጠራቅማሉ። የአገሩ ሰዎች ሙከይፍ ከሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውንም በባልዲ ይይዛሉ። ይህ ከአየሩ እርጥበት የተጨመቀ ውሃ ስለ ሆነ ጨው የለበትም ለማለት ይቻላል፤ በዚያ ወበቅ ውስጥም አንድ ባልዲ ለመሙላት ብዙ አይቆይም። ለመጠጥ አይሆንም፤ ለሽታና ለጥላ ለሚተከለው ግን ከቦቴው ውሃ ይልቅ ይስማማ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ምርጫ ነው። በሰገነታቸው ላይ የነበሩት ተክሎች ሁሉ ሙቀትን የሚችሉ ነበሩ። የእኛ በሶብላ ወገን የሆነው ሬሐን ነበረ፤ አበባው እንደ ወጣ ጫፉን ስለሚቀጥፉት ወደ ጎን እየሰፋ ብዙ ቅጠል ይሰጣቸዋል። ሂናና ቡገንቪሊያም ነበሩ። ቡገንቪሊያ ውሃ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ ጥቂት ሲጠማ ግን አበባውን ያፈሳል። ደፍላ የሚባለውን ቁጥቋጦ፥ አበባው ያማረ ድርቅንም የሚችል ቢሆንም፥ «ቅጠሉ መርዝ ነው፤ ሕፃናት ያሉበት ቤት አይተከልም» ብለው አላስጠጉትም። በከተማው ጎዳናዎች ፈጥኖ ስለሚያድግ በብዛት የተተከለውን ኮኖካርፐስ የሚባለውን ዛፍም አይወዱትም ነበር፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ እየሄደ የቧንቧ መሥመር ይሰብራልና። እኔም በአገራችን ከ1890ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የተስፋፋውን ባሕር ዛፍ አሰብኩ። ለማገዶና ለቤት ሥራ ያደረገልንን ውለታ ማንም አይክደውም፤ ከምንጭና ከጓሮ አትክልት አጠገብ ሲተከል ግን ሌላውን ያስጠማል። ፈጥኖ የሚያድግ ሁሉ ለደጅ የሚሆን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ በአንድ በርሜል ውስጥ የነበረ እሾኻም ችግኝ ነው። እማማ በዐረቦቹ ስም ሲድር አሉት፤ ቀርቤ ባየው የቆላችን ቁርቁራ ሆኖ አገኘሁት። የእጽዋት ሊቃውንት በላቲን ያወጡለት ስም የክርስቶስ እሾኽ ማለት ነው፤ የጌታ የእሾኽ አክሊል ከእርሱ እንደ ተጎነጎነ የሚናገር ትውፊት አለና። እማማ ደግሞ በእነርሱ ዘንድ ቅጠሉ ሬሳ ለማጠብ እንደሚያገለግል ነገሩኝ። ሁለታችንም በየሃይማኖታችን ያንን ችግኝ አከበርነው።

ከዚህ በኋላ በቤታችን አጠገብ በነበረች አንዲት ባዶ ጥግ የኒም ችግኝ ለመትከል ተስማማን። በዐረፋ ሜዳ ለተጓዦች ጥላ እንዲሆኑ በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 50,000 ያህል የኒም ዛፎች ተተክለዋል፤ ችግኙን እንድንመርጥ ያደረገን እማማ በሐጅ ጊዜ ከእነርሱ በታች ማረፋቸውን ማስታወሳቸው ነው። ከግድግዳው ራቅ አድርገን በጥልቀት ቆፈርን። ሁለት ዓመት የሙከይፉን ውሃ በባልዲ እየተሸከምኩ አጠጣሁት፤ በሦስተኛው ዓመት ያለ እኔ መቆም ቻለ። በ2012 ዓ.ም. ወደ አገሬ ስመለስ ከበታቹ ሁለት ሰዎች ወንበር ዘርግተው ይቀመጡ ነበር።

ሰው ግን የተማረውን ፈጥኖ ይረሳል። በዚህ ደጋ ገዳም ከገባሁ በኋላ ያ ጥላ ናፈቀኝና ከድሬዳዋ በመጣ ተሳላሚ እጅ የኒም ችግኝ አስመጥቼ ከማደሪያችን ፊት ተከልኩ። በክረምቱ ቆመ፤ የኅዳር ውርጭ በመጣ ጊዜ ግን በሦስት ሌሊት ውስጥ ጠቁሮ ቀረ። በጅዳ የደጋውን ተክል በሙቀት ገደልኩ፤ በደጋው ደግሞ የቆላውን በብርድ። በሁለቱም ጊዜ የተከልኩት ናፍቆቴን እንጂ ምድሩ የሚችለውን አልነበረም። የእማማ ጥያቄ ያን ጊዜ እንደ ገና ተሰማኝ።

ባለፈው ዓመት ለክብረ በዓል ከመጡት ተሳላሚዎች መካከል በሂንዳዊያ ጎረቤቴ የነበረች አንዲት እኅት አገኘሁ። በ2014 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በደቡብ ጅዳ ያሉትን አሮጌ ሰፈሮች ሲያፈርስ ሂንዳዊያም አብሮ መፍረሱን ነገረችኝ። እማማ ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ ቆርቆሮዎቻቸውን ጎረቤቶች ተሸክመውላቸዋል፤ ቁርቁራውም በበርሜሉ ሄዷል። ኒሙ ግን ሥር ሰዶ ስለ ነበር ከግድግዳው ጋር በማሽን ተገፋ። «እማማ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ስምንት በጋ ሰው አስጠልሏል፤ ዕዳ የለበትም አሉ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከውን ደብዳቤ አሰብኩ። ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፥ አትክልትም ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ መከራቸው። በዚያው ደብዳቤ ግን ከሰባ ዓመት በኋላ እንደሚመለሱ ነግሯቸዋል። እንግዲህ ጥለውት የሚሄዱትን እንዲተክሉ ታዘዙ ማለት ነው። ቀድሞ ይህን ሳነብ ስለ መጽናናት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ሥራም እንደ ሆነ ገባኝ። መጻተኛ መሆን ላለመትከል ምክንያት አይሆንም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁበት ምክንያት ቅርብ ነው። እኛም በዚህ ገዳም መጻተኞች ነን፤ ትምህርታችንን ፈጽመን ወደየሀገረ ስብከታችን እንሄዳለን። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ መትከል በአገራችን ሁሉ የተለመደ ሆኗል፤ እኛም ባለፈው ሐምሌ ከጉባኤ ቤቱ ጀርባ እየዘመርን ተክለናል። በጥር ወር ሄጄ ባይ ከግማሽ በላይ ደርቀው አገኘኋቸው። ከቀሩትም ጥቂቶቹን ፍየል ግጧቸዋል። በተከልንበት ቀን ሁላችንም ነበርን፤ በጥር ግን ማንም አልነበረም። እኔም አልነበርኩም።

በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፥ በአቡነ በትረ ማርያም ዘመን እንደ ተጀመሩ የሚተረክላቸው ቡናና ጌሾ እስከ ዛሬ በደኑ ውስጥ ይለማሉ። ደኑ የቆየው በተከሉት አባቶች ብቻ ሳይሆን፥ ከእነርሱ በኋላ መሬቱን በበሬ አናርስም እያሉ ሥርዓቱን በጠበቁት ጭምር ነው። እናንተ ተሳላሚዎች ከቅዳሴ በኋላ የምታርፉበትን የደጃችንን ወይራ ማን እንደ ተከለው የሚያውቅ የለም፤ ጥላው ግን የአንድ ሰው በጋ ድካም ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼን የምለምነው ታላቅ ነገር አይደለም። በሚመጣው ክረምት ስንተክል ቁጥሩን እናሳንስ፤ ወይራ፥ ጽድና ኮሶ የዚህ ምድር ልጆች ናቸውና እነርሱን እናስቀድም። ለአጥር ኮሽም፥ ለጓሮም ጌሾ፥ ጤና አዳምና ዳማከሴ ይበቁናል። እያንዳንዳችን አንዲት ችግኝ እንውሰድ። ዙሪያዋን እንኮትኩት፤ ደረቅ ሣር ግንዷን ሳናስነካ እናልብሳት፤ በእሾኽ እንጠርላት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሳሙና የሌለበትን የእጅ መታጠቢያችንን ውሃ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሥሯ እናፍስላት። ተምሮ የሚሄድ ደቀ መዝሙርም ችግኙን ለሚተካው ወንድም በእጁ ያስረክብ።

እኔ ከማደሪያችን ፊት፥ ኒሙ በሞተበት ጉድጓድ፥ የእናቴን ጤና አዳም ዘርቻለሁ። እዚህ አገሩ ነውና በቅሏል። የፊታችን ሰኔ ትምህርቴን ስፈጽም የሚረከበኝ ወንድም ቢኖር ከወዲሁ ይንገረኝ፤ ውሃ የሚፈልግበትን ቀን አሳየዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።