ከማን ጋር ትበላላችሁ?

ከጊምቢቹ ወደ ዋቸሞም ሆነ ወደ ሌላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ግቢ ስትገቡ «ካፌ ነህ ወይስ ነን ካፌ?» መባላችሁ አይቀርም። ካፌ የሆነ በግቢው አዳራሽ ይመገባል፤ ነን ካፌ የሆነ የምግቡን ገንዘብ በየወሩ ተቀብሎ ውጭ ይበላል። በ2017 ዓ.ም. የቀኑ ተመን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ሁለቱም ነጻ አይደሉም፤ በወጪ መጋራት ውሉ ተመዝግበው ሥራ ስትይዙ ትከፍሉታላችሁ።

የካፌ ሽሮ እንደሚሰለች አውቃለሁ። ነገር ግን እጅ የገባ ብር ለሞባይል ካርድ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለጫማ ይወጣና ወሩ ሳይደርስ ያልቃል። የተራበ ሰው ደግሞ የጋበዘውን ሁሉ ይከተላል፤ በተለይ ለእህቶቻችን፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ዋጋ የሚጠይቅ ጋባዥ አይጠፋም።

ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ካፌ ሁኑ። ቅዳሜ ውጭ መብላት ካማራችሁ፣ ከኅብረት ጓደኞቻችሁ ጋር አዋጡና አንድ ትሪ እዘዙ። ማዋጣት የማይችለውን ሳታሳፍሩ ጥሩት። ብር ያለቀበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «በልቻለሁ» ነው የሚለው፤ ደግማችሁ ጠይቁት።

ለፋሲካ ስትመጡም አገሩ ርቆበት ግቢ የሚቀረውን ጓደኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የእናታችሁን አተካና ይቅመስ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ላይ የምናነባቸው አማኞች ጸሎታቸው ብቻ ሳይሆን ማዕዳቸውም አንድ ነበር። ጌታን ገና የማያውቅ የዶርም ጓደኛችሁ ስብከታችሁን ከመስማቱ በፊት ማዕዳችሁን ያያል።